ሁለት ጣት ነጭ

ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ምንይችል ጎሚስታ ዘርግቷል ዕቃውን፤
ክሪኩ፣ ፌሮው፣ ሳሙናው፣ ዝገት የጠጣ በርሜሉ፣
ያለቀላቸው ጎማዎች ባጥሩ ላይ ተሰቅለዋል ሁሉ።

አመጣሁለት መኪናዋን፣ ያባቴን ሚሌቼንቶ፣
ቀለሟ ያደረ ሽሮ፣ ጣሪያዋ በፀሐይ ነጥቶ፤
እናቴ ከኋላ ወንበር፣ ዣንጥላዋ ጉልበቷ ላይ፣
መስኮቱን ሩብ ዝቅ አድርጋ፣ የምታይ ሳትመስል ስታይ።

«ጎኑ ነጭ የሆነ ጎማ፣ እንደ ጥንቶቹ ዓይነት፤
የታናሽ እህቴ ሠርግ ሳይደርስ መግጠም አለብን» አልኩት።
ምንይችል እጁን ጠረገ፤ በሳቅ ይሁን በሳል
ትከሻው ተነቃነቀ። «ለጥር ሠርግስ ያምራል፤
የጮቄ ዶፍ ሲለቀቅ፣ መረሬው ተረከዝ ሲይዝ፣
ጨሞጋን ሳትሻገር ነው ነጩ በጥቁር የሚበረዝ።»

ይህን ብሎ ግን ጓዳ ገባና ሦስት ዓይነት አመጣልኝ።
አንደኛው በብሩሽ የተቀባ። «ይሄ ውሸታሙ ነው» አለኝ፤
«አንድ ጠጠር ከነካው እንደ ሽንኩርት ይላጣል።»
ሁለተኛው ስስ ቀለበት፣ ከቸርኬው ሥር የሚሰካ፤
«ሰማንያ ስትረግጥ ግን እንደ ዶሮ ክንፍ ይመታል።»
ሦስተኛው እውነተኛው፣ ከጎማው ጋር የተወለደ፤
ዋጋውን ሲነግረኝ ጉልበቴ ትንሽ ራደ።

ደግሞ የስፋቱ ነገር አለ። «ሦስት ጣቱ የሹመኛ ነው፤
አንድ ጣቱ የመምህር። ያባትህ ሥራ ምንድን ነው?»
«ድሬሰር ነበር» አልኩት፤ «ጠዋት መርፌ፣ ማታ ፋሻ፣
በዚችው ሲዞር ነው የኖረ፣ ከሉማሜ እስከ አማኑኤል መዳረሻ።»
ምንይችል ራሱን አከከ፤ ለድሬሰር ልክ አጣለት።
ዓይኔ ለሰፊው አደላ፤ ኪሴ ለጠባቡ ሞተለት።

«ቆይ፣ አሮጌውን ልይ» ብሎ ክሪኩን ከሥር አስገባ፤
አራት ብሎን ፈታና
የፊት ግራዋን አወለቀ፣
ገልብጦ መሬት ላይ ጣላት።

ሁለታችንም ዝም አልን።

በውስጥ በኩል፣ ፍሬኑ በሚያልበው ወገን፣
ከደረቀው ጭቃ ቅርፊት ሥር
ሁለት ጣት ነጭ
እንደ ወተት ጥርስ
ዙሪያውን ዞሮ ነበር።

«ማን ነው የገለበጠው?»
«እኔ ነኝ» አለ መስኮቱ።
«ከቀብር በተመለስን ማግስት
ነጠላዬን ገልብጬ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ብወጣ
ይቺ ደጅ ላይ ቆማለች፤
አራት እግሯ ነጭ፣ ዘፈን ቤት እንደተጠራች።
ሰውዬሽ ሞቷል እኮ፣ አልኳት።
አትሰማም።
የዚህን ልጅ አባት አስጠርቼ አራቱንም አስገለበጥኩ።
ማንም አልጠየቀኝ።
አንተም ጎማ ጥቁር ነው ብለህ አደግህ።»

ምንይችል በእርጥብ ጨርቅ ነጩን አንዴ ዳበሰው፤
«ይሄ አያገለግልም፣ እማማ፤ ላስቲኩን ዕድሜ ጨረሰው።»
«አውቃለሁ» አለች። ዣንጥላዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወረደች፤
ጎንበስ ብላ ሁለት ጣቷን ነጩ ላይ አስተኛች።
«ይህን ያህል ነው የመረጠው። ሦስት አይበቃው ጉራ፣
አንድ ደግሞ ንፍገት ነው» አለች፣ ከጎማው ጋር ስታወራ።

ምንይችል ጓዳው ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየ፤
ከክምሩ ግርጌ ጠፍቶ የነበረ ሁለት ጣት ታየ።
አራቱ ወደ ውጭ ዞሩ። ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ
ዱቄት የለበሱ ሴቶች ወጥተው ቆሙ ከአፍ እስከ አፍ፤
አንዷ እልል ልትል ከጅላ እናቴን አይታ ተወች።

ስኮርታዋን፣ አምስተኛዋን፣ ኋላ ሊያስገባት ሲያነሳ፣
«ያችን ገልብጣት» አለችው፤ «ነጯ ወደ ታች ትተኛ።»
«ማን ያያታል እዚያ ውስጥ፣ እማማ?»

ገብታ ተቀመጠች።
መስኮቱን እያሽከረከረች ሩብ ሲቀረው አቆመችና፦

«አንድ ጥቁር ቤት ውስጥ ይኑር።
ሲፈለግ ገበያ አይወጣም።»